ወፍ የበላው ጎመን

ትናንት ከልጅ ልጄ መዋዕለ ሕፃናት ፎቶ ተላከልኝ፤ ሕፃናቱ «ያመረቱትን» ካሮት ይዘው ተሰልፈዋል። ካሮቱ ታጥቦ፣ ቅጠሉ ተከርክሞ፣ ከሱቅ መምጣቱ ያስታውቃል። መሳቅ እንኳ አስጠላኝ።

በሃያ ሁለት ዓመቴ ከክርያት አታ ከተማ በአውቶቡስ እየተመላለስኩ ሀይፋ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ረዳት ነበርኩ። አለቃዬ መምህርት ኦርና አፈር የምትጸየፍ፣ ስለ አፈር ግን አፏ የማይዘጋ ሴት ነበረች። ቋሚ ሠራተኛ የምታደርገኝ እሷ ስለሆነች ቀልዷ ሳያስቀኝ እስቅላት ነበር።

ጎንደር አርሰው ያደሩት አባቴ ልጆቹን ጎመን መዝራት እንዲያስተምሩ አስጠራቻቸው። ነጭ ጋቢ ለብሰው ለፎቶ እንዲቆሙላት ነበር ሐሳቧ፤ እሳቸው የፋብሪካ ቱታቸውን ለብሰው መጡ። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ አፈሩ ይሸታል። ዘሩ ደቃቅ ነውና ከደረቅ አፈር ቀላቅለው ለየልጁ ቆንጥረው አስያዙ።

«እንደ ጨው በትኑት። ከዚያ እየመጣችሁ አትቆፍሩት፤ ራሱ ይወጣል» አሉ፤ እኔ በዕብራይስጥ አስተረጎምኩ።

ኖአ የምትባል የአራት ዓመት ልጅ በየጠዋቱ ቦርሳዋን ሳታወርድ ወደ ተዘራበት መደብ ትሮጥ ነበር። በሳምንቱ ሁለት ሁለት ቅጠል ብቅ አለ። በማግስቱ ወላጆች ሊመጡ ነው።

«ይሄን ሣር ነው የማሳያቸው?» አለች ኦርና። ሥሩ ያልተቆረጠ ሰላጣ ገዝታ አካፋውን ሰጠችኝ። መደቡን ገለበጥኩት። ሰላጣውንም እኔው ተከልኩ።

ወላጆቹ ሲያጨበጭቡ፣ አባቴም ተጠርተው ነበርና፣ ኖአ ሱሪያቸውን ጎተተች። «ሳባ፣ የኔስ የታለ?» ሳባ አያት ማለት ነው።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወፍ በልቶት ነው፣ አባባ» አልኩ።

«ወፍ አካፋ ይይዛል እንዴ?» አሉኝ ቀስ ብለው። ጥፍሬ ውስጥ የቀረውን አፈር አይተውታል። ከዚያ ልጅቷ ፊት ቁጢጥ ብለው በተሰባበረ ዕብራይስጣቸው፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። መዝራት አላወቅሁበትም» አሏት።

ዕድሜ ልካቸውን ያረሱ ሰው ናቸው።

«ቤሰደር፣ ቤሰደር፣ ምንም አይደል፣ እዚህ አገር ቀስ ብለው ይማራሉ» ብላ ኦርና ትከሻቸውን መታ መታ አደረገች። ሰዉ ሳቀ። እኔም እንደ ልማዴ ሳቅሁ።

ቋሚ ሆንኩ፤ ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው ነው። አባቴ ነገሩን አንድም ቀን ሳያነሱብኝ አረፉ። ኦርናን እስከ ዛሬ እንቃታለሁ። እሷ ግን ሣር መስሏት ነው። እኔ ጎመን መሆኑን አውቅ ነበር።