ከምትጠጡበት በታች

ባለፈው ሳምንት የአጎቴ የልጅ ልጅ ሰዒድ ከወሎ መጥቶ ካይሮ እኔ ዘንድ አረፈ። የአያቱን የቆዳ ፋብሪካ ዛሬ የሚመራው እሱ ነው። "አባባ፣ አያቴ የቆዳ ሥራ መጀመሪያ ያዩበትን ቦታ ያሳዩኝ" ቢለኝ በታክሲ ይዤው ወደ አሮጌው ካይሮ ወረድኩ። ደረስን ብዬ መስኮቱን ባወርደው ምንም አልሸተተኝም። የቆዳ ፋብሪካዎቹን ከከተማው አውጥተዋቸዋል ለካ። ድሮ አፍንጫዬን ይዤ ባለፍኩበት መንገድ አየሩ ንጹሕ ሆኖ ሳገኘው ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅር አለኝ።

ያኔ የሃያ ዓመት ደረሳ፣ የሃይማኖት ተማሪ ነበርኩ። በፈረንጆቹ ስልሳዎቹ መጀመሪያ መሆኑ ነው። ካይሮ ዲን ልቀራ መጥቼ፣ አባሲያ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከሁለት የወሎ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ቁርሳችን ፉል ነው፤ ሲፈላ ያደረ ባቄላ በትኩስ ዳቦ። ቅቤና በርበሬ የለመደ ሰው መጀመሪያ ፍዳውን ያያል። ኋላ ግን ፉል ያልበላሁበት ጠዋት ጠዋት አይመስለኝም ነበር።

የእናቴ ወንድም አያ እንድሪስ የመጡት በብርዱ ወራት፣ ብርቱካን በየጋሪው ተከምሮ ሲሸጥ ነው። የፍየልና የበግ ቆዳ ከገበሬ እየገዙ ጥሬውን ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ነጋዴ ነበሩ።

"ጥሬ መላክ በቃኝ" አሉኝ። "ፋብሪካ ልተክል ነው። አሰብ ወደቡ ዳር ይሁን ወይስ አገራችን፣ የሚያውቅ ሰው ዘንድ ወስደህ ታስተረጉምልኛለህ። አገራችን ከሆነ ከከተማችን በላይ፣ ወንዙ ዳር ያለችው መሬቴ ላይ ነው። ሌላ መሬት ፈልግ፣ ከባለርስት ተከራከር ካላችሁኝ ግን ወላሂ አሰብ ነው የምሄደው። ራሴን አታዙሩኝ!"

እኔስ? እኔ በልቤ ወስኜ ጨርሻለሁ። ከተማችን መብራት የላትም። ጢም ያበቀለ ልጅ ሁሉ በጭነት መኪና ላይ ወጥቶ ይጠፋል። ታናሽ ወንድሜ እንኳን አሰብ ሸክም ሊሸከም ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እናቴ በምታስጽፈው ደብዳቤ ሁሉ ስለ እሱ ታለቅሳለች። ፋብሪካው አገር ቤት ከተተከለ ወንድሜ ይመለሳል፤ ሌላ ምንም አልታየኝም።

በትራም ወደ ቆዳ ፋብሪካዎቹ ሄድን። ሽታው ከሰዎቹ ቀድሞ ተቀበለን። አያ እንድሪስ በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ቢሸፍኑ፣ እጁ እስከ ክርኑ ኖራ የሆነ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ "ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ ይለመዳል" እያለ ሳቀብን። ጥያቄያቸውን ስነግረው በአንድ እጁ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጥሬ ቆዳ፣ በሌላው አልፍቶ የጨረሰውን አነሳ።

"ይቺ ከዚያ ነው የወጣችው። ፀጉሩ፣ ስቡ፣ ጨው ሁሉ ተጥሎ የቀረው ይሄው ነው። የምትጥሉትን ነገር ወደብ ድረስ ለምን ትጭናላችሁ? ፍየሎቹ ካሉበት አጠገብ ሥሩት" አለ።

በደስታ እየጮህኩ ተረጎምኩት። አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ገብቷቸዋል። ልንሄድ ስንል ግን ሽማግሌው እጅጌዬን ያዘና በቦዩ የሚወርደውን ቡናማ ውሃ አሳየኝ።

"ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ውሃው እንዲህ ይሆናል። ከምትጠጡበት በታች አድርጉት። ከላይ እንዳታደርጉት።"

"ምን አለ?" አሉ አጎቴ።

"አላህ ይባርክላችሁ ነው የሚለው" አልኳቸው።

ደግሞ እኮ የውሃ ነገር የማላውቅ ሰው አልነበርኩም! እኛ ደረሶች ኪታብ ስንጀምር መጀመሪያ የምንቀራው ስለ ውሃ ነው። በቆሻሻ ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው የተለወጠ ውሃ ለውዱእ፣ ለሶላት መታጠቢያ እንደማይሆን በቃሌ ይዤዋለሁ። ጥሬ ቆዳ ሲለፋ ንጹሕ እንደሚሆን የሚያስተምረውም እዚያው አጠገብ ነው። የቆዳውን ይዤ የውሃውን ዋጥኩት።

ፋብሪካው ተተከለ። እውነቱን ለመናገር ከተማዋን ሰው ያደረጋት እሱ ነው። መብራት ገባ፣ መንገዱ ተጠረገ፣ ክሊኒክ ተከፈተ። ወንድሜም ከአሰብ ተመልሶ እዚያው ተቀጠረ፣ ትዳር ያዘ። ከዓመታት በኋላ ለእረፍት ብሄድ እናቴን እንስራ አዝላ ዳገቱን ስትወጣ አገኘኋት። ከምንጩ የውዱእ ውሃ ልትቀዳ ነው።

"ወንዙስ?" አልኳት።

"ወንዙማ ሸተተ፣ ልጄ። ወንድምህ ግን ማታ ማታ ቤቱ ይገባል፤ አልሐምዱሊላህ።"

እንስራውን ተቀብዬያት ወጣሁ። እሷ ከኋላዬ እየመረቀችኝ ትከተላለች። ምነው ያኔ መሬት በዋጠችኝ!

ይሄን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባለፈው ሳምንት እዚያ ባዶ መንገድ ላይ ቆሜ ለሰዒድ ነገርኩት። ክንዴን ያዘና፣

"አባባ፣ ቢነግሯቸው ኖሮ አያቴ አሰብ ይሄዱ ነበር። ከተማችንም ከተማ አትሆንም ነበር" አለኝ።

"ይሄንን መልስ ስድሳ ዓመት ሙሉ ለራሴ ሰጥቼዋለሁ" አልኩት። "ግን ሽማግሌው እኮ ተዉት አላለም። ታች አድርጉት ነው ያለው።"

አያ እንድሪስ እልኸኛ ነበሩ፤ እናቴን ግን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነበር የሚያዩዋት። ያን ቀን ሰምተው ቢሆን አሰብ ይሄዱ ነበር ወይስ ለእህታቸው ውሃ ሲሉ ከባለርስት ተከራክረው ታች መሬት ይገዙ ነበር? አላውቅም። እንዳላውቅ ያደረግኩት ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ።