ሰማያዊው ወይስ ቀዩ

አሁንም ድረስ ጄኔሬተር ለማስነሳት በሚታገል ሰው አጠገብ ካለፍኩ፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን ከጋለ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ፣ ወደ ማዶ እሻገራለሁ። ይህን ሽታ የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልወድም። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ከቁርስ በፊት የምጠግበው፣ ማታ በሳሙና ታጥቤም ከጣቶቼ የማይለቅ ሽታ ነበር። ሌላው ሰው የልጅነቱን ሲያወራ ከእናቱ ወጥ ይጀምራል፤ የኔ የሚጀምረው ከአባቴ ትራክተር ነው፣ ምክንያቱም በቤታችን ከሁላችንም በላይ የሚጠበቀውና የሚታሰብለት እሱ ነበር።

ትራክተር ስል ትልቁን፣ የስንዴ ማሳ የሚገለብጠውን እንዳታስቡ። የአትክልት ትራክተር ነው፤ ቁመቱ ከአህያ ብዙም የማይበልጥ፣ በቲማቲምና በፓፓያ መደብ መካከል እየተሽሎከለከለ የሚያርስና ጋሪ የሚጎትት። ሐዋሳ ዳር በነበረ አንድ የመንግሥት አትክልት እርሻ ውስጥ ሁለት ነበሩ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ፣ ሁለቱም እኔ ሳልወለድ ከውጭ የመጡ አሮጌዎች። አባቴ በወጣትነቱ ከወሎ መጥቶ ሰማያዊውን ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ቀዩን የሚነዳው የልብ ጓደኛው ጋሼ ደምሴ ነበር። ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ሲገባ እርሻው ፈረሰ፣ ሠራተኛውም ተበተነ፣ ሥራ አስኪያጁም ሁለቱን ጠርቶ «እነዚህን ብረቶች የሚፈልግ የለም፣ አንድ አንድ ተካፈሉና እንጀራችሁን ብሉባቸው» አላቸው። አባቴ በዕድሜ ታላቅ ስለነበረ ቀድሞ የመምረጥ መብት ለሱ ተሰጠው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ቀድሞ የመረጠው እሱ ነው። ሰማያዊውን መረጠ።

ሰማያዊው አንድ ፒስተን ብቻ ያለው፣ ወንበሩ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ባዶ ብረት፣ ዱብ ዱብ የሚለው ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ነበር። ጥርስ ከጥርስ ገጥሞ ነው የሚዞረው፤ ጭቃም ሆነ የዛፍ ሥር አያቆመውም። ቀዩ በዕድሜ ያንሳል፤ ባትሪ አለው፣ በቁልፍ ይነሳል፣ ወንበሩ ስፖንጅ ነው፣ ፊቱ ላይ እንደ መኪና ዘይትና ነዳጅ የሚያሳዩ ሦስት ጌጆች ተደርድረዋል። ችግሩ ኃይሉን ወደ ጎማ የሚያደርሰው በቺንግያ፣ በላስቲክ ቀበቶ፣ ስለሆነ፣ ቺንግያው እርጥበት ሲነካው ይንሸራተታል። እሁድ እሁድ ሁለቱ ሰዎች ከደጃችን በተጋደመ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው በዚህ ነገር ይከራከሩ ነበር፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይሰለቻቸው።

«ያንተ እንደ ሽማግሌ ነው፣ ካልለመኑት አይነሳም» ይላል ጋሼ ደምሴ።

«የኔስ ተለምኖም ይነሳል። ያንተ ባትሪው የሞተ ቀን ቄስ ልትጠራለት ነው?»

«ወንበሬን አትርሳ። ያንተ ወንበር ላይ የዋለ ሰው ልጅ አይወልድም።»

«እኔ በባዶ ብረት ሦስት ወለድኩ፤ አንተ በስፖንጅህ አንዲት ብርቱካንን ነው ያየናት።»

ብርቱካን የጋሼ ደምሴ ልጅ ናት፣ እኩያዬ። ሲስቁ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ክርክሩ ስለኔ መሆኑን ማን ነገረኝ?

ሰማያዊው በአንድ ሰው አይነሳም ነበር። ከፊቱ ማኖቬላ የሚባል የታጠፈ ብረት ተሰክቶ አንዱ ያዞራል፤ ሌላው ወንበሩ ላይ ሆኖ ከመሪው ሥር ያለችውን ትንሽ ማንሻ ይይዛል። ማንሻዋ ወደ ታች ተገፍታ መቆየት አለባት፣ ሞተሩ ሲነሳ ብቻ ቀስ ተብላ ትለቀቃለች። ቀድማ ከተለቀቀች ሞተሩ ወደ ኋላ ይመታና ማኖቬላው የሚያዞረውን ሰው ይሰብራል። እርሻው ላይ ማንሻ የሚይዝ የቀን ሠራተኛ ሞልቶ ነበር። ቤት ውስጥ ያለነው ግን እናቴ፣ ሁለት ትንንሽ እህቶቼና እኔ ነን፤ እናቴም ታናሿን አዝላ ነበር። ስለዚህ ማንሻዋ የኔ ሆነች። በቀን አንድ ጊዜ ቢሆን ምን ነበረበት፤ በየጊቢው፣ በየመደቡ ጫፍ ሲጠፋ እንደገና መነሳት አለበትና ከጠዋት እስከ ማታ ከአባቴ አልለይም ነበር።

በዚያ መስከረም እናቴ ትምህርት ቤት ልታስመዘግበኝ ተነሳች። የቡሹሎ ሲዳማ ናት፣ ነገር አታበዛም፣ ያሰበችውን ግን አትተውም። ደብተር ገዝታ በጋዜጣ ለብዳ፣ ከአልጋው ራስጌ አስቀምጣው ነበር።

«ሰባት ሞላው» አለችው አባቴን። «ደምሴ ልጁን አስመዝግቧል።»

«ደምሴ ቁልፍ አለው።»

«የኛውስ ልጅ?»

«ይማራል አልኩ እኮ። ይህ ተከላ ይለፍ።»

ተከላው አለፈ። ኅዳርና ታኅሣሥ አፈሩ ሲደርቅ፣ አዲስ ከተማ የሚባለው ሰፈር ያሉ ሰፋፊ ጊቢዎች ለመስኖ ይታረሱ ነበርና ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞርን ጎመንና ሽንኩርት የሚተከልበትን መደብ እናወጣ ነበር። ባለጊቢዎቹ ሁለቱን ትራክተሮች ያወዳድሩ ነበር፤ ሴቶቹ ድምፁ ሕፃን የማይቀሰቅሰውን ቀዩን ይመርጣሉ፣ ወንዶቹ ጥልቅ የሚያርሰውን ሰማያዊውን። አንዲት ባለጊቢ በመስኮት አይታኝ «ይህ ልጅ አይማርም?» አለችው አባቴን። «ከሰዓት ፈረቃ ነው እትዬ» አላት። ከሰዓት ሌላ ጊቢ ውስጥ ነበርን። በጋውም ሲያልፍ «በልጉ ይለፍ» ተባለ፣ ደብተሩም ከራስጌ ወርዶ ተከታይ እህቴ ዶሮ ትስልበት ጀመር።

በልጉ ጠንካራ ነበር። በመጋቢት ቡሹሎ፣ ሐይቁ ዳር ያለ የአጎቴ መሬት ላይ ሁለቱም ተጠርተው ሄዱ፤ ቀዩ ሁለት መስመር እንዳረሰ ቺንግያው እርጥበት ነክቶት ተንሸራተተና እስከ አክስሉ ጭቃ ውስጥ ገባ። ጋሼ ደምሴ ወርዶ ቢገፋ፣ ሰው ቢጠራ፣ አልሆነም። አባቴ ሰንሰለት አመጣ፣ እኔ ማንሻዬን ያዝኩ፣ እሱ አንዴ አዞረና ሰማያዊው ተነሳ፣ ዱብ ዱብ እያለም ቀዩን እንደ ጥጃ ጎትቶ አወጣው። የሰፈሩ ሰው ከእንሰቱ ውስጥ ወጥቶ ያይ ነበር። ጋሼ ደምሴ ጭቃውን ከፊቱ እየጠረገ «እሺ፣ ዛሬ ሽማግሌው አሸንፏል» አለ። አባቴ ያን ቀን እስከ ቤት ድረስ ጭኑ ላይ አስቀምጦኝ እየነዳ መጣ፣ «አየህ? መምረጥ ማለት ይህ ነው» እያለ። ስለ ትራክተሩ አባቴ ትክክል ነበር። ብክደው ደስ ባለኝ፣ ግን ትክክል ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም። አንድ ሰኞ ማለዳ ከደጃችን ልናስነሳው ወንበሩ ላይ ወጥቼ ማንሻዋን ወደ ታች ገፍቼ ይዤ ነበር፣ አባቴም ማኖቬላውን ሰክቶ ጎንበስ አለ። በአጥራችን ማዶ ተማሪዎች ያልፋሉ። ብርቱካን መሀላቸው ነበረች፣ ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ፣ የሆነ ግጥም ነገር ከሌሎቹ ጋር እየጮኸች። ምን እንደሚሉ ለመስማት አንገቴን አሰገግኩ፣ እጄም አብሮኝ ተነሳ። የሰማሁት የአጥንት ድምፅ ነው፤ ደረቅ እንጨት በጉልበት ሲሰበር የሚሰጠው ዓይነት። አባቴ መሬት ላይ ተቀምጦ ቀኝ ክንዱን በግራው ታቅፎ ወደኔ አየ፣ ከዚያም ወደ አጥሩ አየ፣ ከዚያም ዓይኑን ጨፈነ።

ሊጠይቅ ለመጣ ሰው ሁሉ «ማሽን ነው፣ ይመታል» ይል ነበር። እኔን አንድም ቀን «ምን ሆነህ ነው?» አላለኝም። በጥፊ ይመታኛል ብዬ ሳምንት ሙሉ ጠበቅሁ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። እናቴ ጤና ጣቢያ ይሂድ ብትል እምቢ ብሎ ወጌሻ አስጠራ፣ ወጌሻውም በቀርከሃ ስንጥር አሰረለት፣ ክረምቱ ሲገባ ሲፈታ ክንዱ ወደ ውጭ ታጥፎ ቀርቶ ነበር። ጣቶቹ ዋንጫ ይይዛሉ፤ ማኖቬላ ግን ከእንግዲህ አያዞሩም።

የፍቼ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ሰሞን ነበር፣ የእናቴ ዘመዶች በዓሉ ከሚከበርበት ከጉዱማሌ ሜዳ ሲመለሱ በኛ በኩል አልፈው ነበር። እነሱ ከሄዱ በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር፣ ጋሼ ደምሴም ጆንያ ራሱ ላይ ጥሎ ገባ። እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ።

«እንለዋወጥ» አለው አባቴን ቁጭ እንኳ ሳይል። «ቀዩን አንተ ውሰድ። ቁልፍ ነው፣ በግራ እጅህ ታስነሳዋለህ። ሰማያዊውን ለኔ ስጠኝ፣ እኔ ጎረምሳ አላጣም። ልጁም በመስከረም ከብርቱካን ጋር ይግባ።»

አባቴ የታጠፈ ክንዱን ወደ ጭኑ ሰበሰበ። እናቴ እጇ ላይ የነበረውን ቢላዋ አስቀመጠች። እኔ በሩ ኋላ ሆኜ በልቤ «እሺ በል፣ እሺ በል» እል ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ የለመንኩት ነገር የለም።

«አንድ ጊዜ መርጫለሁ» አለ አባቴ።

«ሚስት አይደለም እኮ ሰውዬ። ብረት ነው።»

«መርጫለሁ አልኩህ፣ ደምሴ።»

ጋሼ ደምሴ አማትቦ ወጣ። እናቴ ስትናደድ ወደ ሲዳምኛ ትገባ ነበር፤ ያን ቀን ያለችውን እዚህ አልጽፈውም። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ።

መስከረም ሲጠባ ሰማያዊው ከጓሮ ቆሞ ዶሮ ትፈለፍልበት ነበር፣ እኔም ሐይቁ ዳር ዓሣ ማመላለስ ጀመርኩ፤ የሚሠራ እጅ ያለው ወንድ በቤቱ እኔ ብቻ ነበርኩና። ተማሪዎቹ ሲያልፉ እኔ ከሐይቁ እመለስ ነበር፣ ጀርባዬ የዓሣ ውኃ እየተንጠባጠበበት፤ ብርቱካን መጀመሪያ ትጠራኝ ነበር፣ በኋላ አፍንጫዋን ትይዝ ጀመር፣ በኋላም ረሳችኝ። እህቶቼ ሁለቱም ተማሩ። ዓመት በዓመት ላይ ተደራረበ፣ የማልማር መሆኔም እንደ ክንዱ መታጠፍ ሁሉ ማንም የማያነሳው ነገር ሆነ።

አባቴ ሲሞት እኔ ሠላሳ አልፌ ነበር። በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ጋሼ ደምሴ በከዘራው እየተደገፈ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«አባትህ ቀዩን ለምን እንዳልወሰደ ታውቃለህ?» አለኝ።

«በኩራቱ ነዋ።»

«ኩራት ምን አለው እሱ። አንተ ሳትወለድ ነው፤ አሞኝ የቀረሁ ቀን ቀዩን ለሱ ሰጡት። የዘይቱ ጌጅ ወደ ታች ሲወርድ የነዳጅ መስሎት፣ ነዳጅማ ሞልቻለሁ ብሎ ነዳው። ሞተሩ ያለ ዘይት ነክሶ ቆመ። ጽሑፉን ማንበብ አይችልም ነበር፤ ይህን የሚያውቅ ከኔ በቀር አልነበረም። ጥፋቱን እኔ ወሰድኩለት። ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ።»

«እናቴስ?»

«እሷም አታውቅም። ደብዳቤ ሲመጣ መነጽሬ ጠፋ ይል የለ።»

«ታዲያ ያን ክረምት ለምን አልነገሩኝም፣ ጋሼ?»

«ምዬ ነበር» አለኝ። እሱ ይህ የሚበቃ መልስ መስሎታል። ሁለት ጓደኛሞች አንዲት ምስጢር እንዳትቆሽሽ በኔ ጠረጓት። ማንበብ አለመቻሉን ሊደብቅ ብሎ ማንበብ የማይችል ልጅ አሳደገ፤ እኔ ከዚህ የተሻለ አባባል አላገኘሁለትም።

አርባው ካለፈ በኋላ ቤቱን በስማችን ለማዛወር አንድ ቢሮ ሄድኩ። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠችው ብርቱካን ነበረች። «እዚህ ላይ ይፈርሙ» አለችኝ፣ በእርስዎ። እስክሪብቶውን ሳልነካ ስቀር ገባት። የቀለሙን ሳጥን ከፍታ አውራ ጣቴን በሁለት ጣቷ ያዘችና ራሷ አስነካችው፣ ራሷ ወረቀቱ ላይ ጫነችው፣ ቀስ ብላ፣ ሕፃን ጥፍር እንደሚቆረጥለት። በሶፍት ስትጠርግልኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባዬ ሰላም ብሎሃል» አለችኝ። ስገባ ጀምሮ አውቃኝ ነበር ማለት ነው። እንዳላፍር ብላ እንግዳ አስመሰለችኝ፤ ከአፍንጫ መያዟ ይልቅ ይህ ቆረጠኝ።

ከዚያ ወር ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ቀበሌ አዳራሽ፣ ከእናቶች ጋር በአንድ አግዳሚ ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። አሁን አነባለሁ፤ ጣቴን ከመስመሩ ሥር እየጎተትኩም ቢሆን ጋዜጣውንም የመድኃኒቱንም ወረቀት አነባለሁ፣ ይህንንም የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ሰው «ለመማር አይረፍድም» ይለኛል። ይረፍዳል። በአርባ ዓመት ያነበብከው ነገር ሁሉ ያመለጠህን ነው የሚነግርህ። እናቴም አባቴን ተከትላለች፣ እህቶቼ ራቅ ብለው አግብተዋል፣ ቤቱ ውስጥ እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ማለዳ ተነሳሁ አልተነሳሁ የሚቸግረው ሰው የለም። ያኔ አንዲት ፊደል ሳልለይ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ራሴን እየዳበሰ ስሜን የሚጠራኝ፣ «ተነስ፣ ያላንተ አይሆንም» የሚለኝ ሰው ነበር። ዛሬ ያን ስም በጥሩ እጅ ጽሑፍ መጻፍ እችላለሁ። የሚጠራው ግን የለም።