ማስታጠቢያ ይዘን ካውንስል የገባን ዕለት

ከካልጋሪ ወደ ምስራቅ አንድ ሰዓት ተኩል ያስነዳል። የሄድንበትን ምክንያት ላስቀድም። አስራ ሁለት ሀበሻ ቤተሰቦች ሆነን፣ በአንዲት የገጠር ከተማ ዳር መሬት ሸንሽኖ ከሚሸጥ ኩባንያ ቦታ ገዝተናል። ኩባንያው መንገድና ውሃ እስኪያስገባ ድረስ ለከተማዋ ምክር ቤት፣ ለካውንስሉ፣ ዳጎስ ያለ ማስያዣ አስይዟል፤ ቃሉን ካጠፈ ካውንስሉ በዚያው ገንዘብ ሥራውን ያሠራል። አሁን ኩባንያው «ሁሉንም ጨርሻለሁ፣ ማስያዣዬ ይለቀቅልኝ» ብሎ አመለከተ። የውሃ መስመር ሲቆፈር ያየ ሰው ደግሞ የለም! ማስያዣው ከተለቀቀ ማንን እንይዛለን? ውሃ በሌለበት ቤት መሥራት አይፈቀድም። እኔ የምኖርበት አላጣም፤ ከመሃላችን እትዬ ወርቅነሽ ግን የጡረታ ጥሪታቸውን ሙልጭ አድርገው እዚያ መሬት ላይ አፍስሰዋል።

ፎረስት ሎን፣ ጠዋት

ማክሰኞ የሥራ ሺፍቴን ለጓደኛዬ ሰጥቼ ከሰፈሬ ከዋይትሆርን ተነሳሁና ፎረስት ሎን እትዬ ቤት ደረስኩ። ሌሎቹ ከሥራ መቅረት ስላልቻሉ ተናጋሪው እኔ ነኝ። እትዬ ወርቅነሽ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አጠገባቸው በፎጣ የተጠቀለለ ድስት፣ እንጀራ፣ ማስታጠቢያና ማንቆርቆሪያ ተደርድሯል።

«ኧረ እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ለማን ነው?»

«ለዳኞቹ ነዋ!»

«ዳኞች አይደሉም፣ ካውንስል ናቸው። የምንሄደው ደግሞ ሚቲንግ እንጂ ሠርግ አይደለም።»

«ጉዳይ ይዞ ሰው ፊት የሚቀርብ ባዶ እጁን ይሄዳል እንዴ ሰለሞን? ነገ ጎረቤቶቼ ናቸው።»

ማንቆርቆሪያውን አነሳሁት፤ ባዶ ነው። «ውሃስ?» አልኳቸው።

«ገብቷል ተባለ አይደል? ከዚያው እቀዳለሁ።»

ዕቃውን ሁሉ መኪናው ኋላ ከትቼ ጃኬቴን ደረብኩበት። እውነቱን ለመናገር፣ ፈረንጆቹ ፊት ያንን ማስታጠቢያ ይዘው ሲቆሙ ታየኝና ከወዲሁ አፈርኩ።

መንገድ ላይ

አስራ ሰባተኛ አቬኑን ይዘን ከከተማ ወጣን። ከዚያ በኋላ ሜዳ ነው፣ ሜዳ ብቻ። ሐምሌ ስለሆነ ካኖላ የሚሉት የዘይት ተክል አብቦ ምድሩ ቢጫ ለብሷል። እዚህም እዚያም ድፍድፍ ነዳጅ ከመሬት የሚስቡ ፓምፖች አንገታቸውን ዝቅ ቀና ያደርጋሉ። ነዳጅ ማደያ ቆመን ሁለት ቡናና ሁለት ዶናት ገዛሁ፤ አስራ አንድ ዶላር። እትዬ ዶናቱን ቀምሰው መለሱልኝ።

«ይሄ ስኳር ነው እንጂ ዳቦ አይደለም። እኔስ ቤቴን ስሠራ ኋላው ላይ ጎመንና ቃሪያ ነው የምተክለው» አሉ። ከዚያ ጎመኑ ከየት እስከ የት እንደሚተከል በእጃቸው እያሳዩኝ ብዙ መንገድ ሄድን። እኔ ደግሞ የሦስት ደቂቃ ንግግሬን በልቤ እደግማለሁ። ሳምንት ሙሉ ነው የተዘጋጀሁት፤ የኩባንያውን ሰውዬ አፉን ላስይዘው!

አዳራሹ

ፓርክ አድርገን ልንገባ ስንል እትዬ «ቁልፉን ስጠኝ፣ መነጽሬን ረስቻለሁ» አሉኝ። ሰጥቻቸው ገባሁ። የካውንስሉ ሰብሳቢ ሊንዳ የሚሏት ሽበታም ገበሬ ናት፤ የጭቃ ቦቲዋን እንዳደረገች ነው የተቀመጠችው። የኩባንያው ተወካይ ሱፉ የሚያምር ወጣት ነው። በየቦታው የተተከለውን ቧንቧ በፎቶ አሳየና «ውሃው ገብቷል፣ ሥራው አልቋል» ብሎ ተቀመጠ።

ተራዬ ደረሰ። ገና ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳልናገር ደሜ ፈላ። «ውሸት ነው! ታታልሉናላችሁ!» አልኩ። ሊንዳ በእርጋታ «ማስረጃ አለህ?» አለችኝ። ምን ማስረጃ አለኝ? ሦስቱ ደቂቃ አለቀና ላብ በላብ ሆኜ ተቀመጥኩ። ሊንዳ ድምፅ ልታሰጥ ስትል እትዬ ወርቅነሽ ከኋላ ወንበር ተነሱ። ወይ ጉድ! ማስታጠቢያውና ማንቆርቆሪያው እጃቸው ላይ ነው።

«የምለውን ንገርልኝ» አሉኝ። «ልጆቼ፣ ምሳ ሠርቼላችኋለሁ። መሬቴ እዚህ ጎን ነው፣ ሄደን እንብላ። የእኛ ምግብ በእጅ ነው የሚበላው። ውሃው ገብቷልና እዚያው አስታጥባችኋለሁ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ ተረጎምኩ። የኩባንያው ወጣት ብድግ ብሎ «ዛሬ እንኳ አይመችም፣ ሌላ ቀን ይሁን» አለ፤ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ሊንዳ እሱን አየችው፣ ማንቆርቆሪያውን አየችው።

«ጉዳይ ካለው ሰው ግብዣ መቀበል ሕጋችን ይከለክለናል» አለች። «እጅ መታጠብ የሚከለክል ሕግ ግን አላውቅም። ተነሱ!»

መሬታችን ላይ

በአምስት መኪና ሄድን። ሊንዳ እጅጌዋን ሰብስባ ሁለት እጇን ዘረጋች። እትዬ ማንቆርቆሪያውን ሥሩ ደቅነው የመሬታቸውን ቧንቧ ከፈቱት። ፍስስ አለ፤ ነፋስ ነው። እስከ መጨረሻው ከፈቱት፣ አሁንም ነፋስ። ወደ ጎረቤት ቧንቧ ሄዱ፤ ያው ነው። ከዚያ ወደ ወጣቱ ዞረው፣ ያለ አንዳች ቁጣ፣ «ልጄ፣ ውሃው የት ሄደ?» አሉት። አንጀቴን በሉት።

«ከዋናው መስመር ጋር ገና አልተገናኘም» አለ መሬት መሬት እያየ።

ሊንዳ እጇን እንደዘረጋች ነበር። «ቅድመ አያቴን እዚህ ሜዳ ላይ ያሰፈረው እንዲህ ያለ የመሬት ኩባንያ ነው» አለች። «የዚያን ጊዜው መንግሥት ማስያዣ ይዞበት ነበር። የውሃ ጉድጓዱ ሳይቆፈር ለቀቀለት። ክረምቱን በረዶ እያቀለጡ ነው የጠጡት። ቤታችን ውስጥ እስከ ዛሬ ይወራል።»

ተመልሰን አዳራሽ ገባን። አንድም እጅ አልቀረም፣ ሁሉም ወጣ፦ ማስያዣው አይለቀቅም፤ ውሃው ውርጭ ሳይጀምር ካልገባ ካውንስሉ በዚያው ገንዘብ ያስገባዋል። እሰይ! ሆዴ ቅቤ ጠጣ። ስብሰባ መሆኑን ረስቼ አጨበጨብኩ፤ እትዬ እልል አሉ። ሊንዳም አልተቆጣችም።

ወደ ቤት

ስንመለስ ከካልጋሪ ምዕራብ ያሉት ተራሮች ከፊታችን ነበሩ። እንደ ሕፃን እየዘፈንኩ ነዳሁ። ትንሽ ቆይቼ ግን ሆዴን የበላኝን ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ እውነት ውሃው እንደሌለ አያውቁም ነበር?»

«እኔማ አምኜው ነበር» አሉ። «ባላምነው ኖሮ ማንቆርቆሪያውን ሞልቼ አልመጣም?»

እኔ ሳምንት ሙሉ ቁጣ ሳጠራቅም፣ እሳቸው ሰውዬውን ከነቃሉ ተቀብለው ወጥ ሠሩ። ለእኔ ቢተው ያ ማስታጠቢያ እስካሁን ጃኬቴ ሥር ነበር። ሰው በንግግር ሲያሸንፍ አይቻለሁ እንጂ፣ በማስታጠቢያ ሲያሸንፍ አይቼ አላውቅም።

ፎረስት ሎን ስንደርስ «ሳትበላ አትሄድም» አሉ። ድስቱ እንዳለ ነው፤ ወጡን አሞቁት። እኔ ማንቆርቆሪያውን ወስጄ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፈትኩ። ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ ማስታጠቢያውን ይዤ ፊታቸው ጎንበስ አልኩ።

«አንተ ነህ የምታስታጥበኝ?» አሉ እየሳቁ።

«ዛሬማ ማን ይቀማኛል!»

እጃቸውን ዘረጉ። «በል እስቲ አፍስስ። አትሰስት፣ በደንብ አፍስስ።»