የማኅበሩ ድስት ወደ ሻርሎይስ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 2010 ዓ.ም.

ከንጋቱ 1 ሰዓት፣ አምስተልቨን፣ ሆላንድ

ገና አልነጋም። በብስክሌት ወደ ጣቢያ እየሄድኩ ነው። መብራቴ ባትሪ የለውም፤ ጎማው ዳይናሞውን ያዞራል፣ በውስጡ ያለው ማግኔት ከመዳብ ሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲሽከረከር ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ብስክሌቱ ሲቆም መብራቱም ይጠፋል። ደሴ ሳለሁ ይህን ስምንት ዓመት አስተምሬአለሁ፤ እዚህ ሊፍት እጠግናለሁ። በዚህ ጉዳይ ከጀመርኩ የሚያስቆመኝ የለም።

የዛሬው ጉዞ ለወይዘሮ ጽጌ ነው። የእመቤታችን ማኅበር በአሥር ሰዓት ሮተርዳም፣ እሳቸው ቤት ይሰበሰባል። በሕመም ምክንያት ሁለት ጊዜ ተራቸው አልፏል። ሦስተኛ ካለፈ «እናሳርፋቸው» ተብሎ ስማቸው ከተረኞች ዝርዝር ሊወጣ ነው። ለደግ ነው ይባላል፤ እሳቸው ግን በስልክ ሲነግሩኝ «ሊያባርሩኝ ነው» ነው ያሉት።

ጣቢያው በር ላይ የባቡር ካርዴን አስጠጋሁ፤ ጢጥ አለ። ካርዱም ባትሪ የለውም። ከበሩ የሚወጣው ተለዋዋጭ የማግኔት ኃይል በካርዱ ውስጥ ባለች ቀጭን ሽቦ ላይ ለቅጽበት ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል፣ በሩም ይከፈታል።

2 ሰዓት ተኩል፣ ዴን ሃግ

ያለፈው ወር ተረኛ ጋሽ መስፍን በራቸው ላይ ጠበቁኝ። በማኅበራችን ትልቁ ድስት ከተረኛ ወደ ተረኛ ይዞራል፤ ወጡ የሚሠራው በእሱ ነው። ተሸከምኩት፤ የሃምሳ ሰው ድስት እንዲህ መቅለሉ ገረመኝ።

«የወይዘሮ ጽጌ አዲሱ ዎኒንግ፣ የገቡበት ቤት፣ ጋዝ የለውም አሉ» አሉኝ ጋሽ መስፍን። «ካቃታቸው ደውልልኝ፤ ተራውን እኔው እደግመዋለሁ።»

«ኧረ ጋሼ! ምድጃቸው ኢንዳክሽን ነው፣ በማግኔት የሚሠራ፤ እሱ እኮ እንጀራዬ ነው።»

3 ሰዓት ከሩብ፣ ዴልፍት

ባቡሩ ቆሟል። ጭጋግ፣ ብስክሌት፣ ቦርሳ ያዘለ ተማሪ። አጠገቤ የተቀመጡ ደች አሮጊት ጭኔ ላይ ያለውን እያዩ «ከበሮ ነው?» አሉኝ። ድስት መሆኑን ነገርኳቸው፣ ሳልጠየቅም ስለ ምድጃው አስረዳሁ። ከመስታወቱ ሥር የሽቦ ጥቅል አለ፤ በእሱ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ አቅጣጫውን ቶሎ ቶሎ ሲቀያይር የማግኔት ኃይሉም ይለዋወጣል፤ ያ መለዋወጥ በድስቱ ቂጥ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስነሳል፣ ድስቱም ራሱ ይግላል። ሴትዮዋ በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ተደሰትኩ።

4 ሰዓት፣ ሻርሎይስ ሰፈር፣ ሮተርዳም

ወይዘሮ ጽጌ ሽንኩርቱን ከትፈው፣ ዶሮዎቹን ብልት ብልታቸውን አውጥተው አጥበው ጨርሰዋል። ድስቱን ጣድኩ፣ ቁልፉን ነካሁ። ምድጃው ሦስት ጊዜ ጮኸና ጠፋ። ደገምኩ፤ ያው ነው።

ያኔ ነው የገባኝ። ከፍሪጁ በር ላይ ማግኔት ነቅዬ ድስቱ ቂጥ ላይ ለጠፍኩ፤ ተንሸራቶ ወደቀ። አሉሚኒየም! ማግኔት የማይስበው ድስት በዚህ ምድጃ ላይ በቂ ሙቀት አያወጣም፤ ምድጃውም ምንም እንዳልተጣደበት ቆጥሮ ይዘጋል። ከዴን ሃግ ጀምሮ አቅፌው መጥቼ አንዴ እንኳ አላሰብኩበትም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወይዘሮ ጽጌ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«የኔም ድስቶች እንዲሁ እንቢ ካሉ አራት ቀናቸው። ሻይና ዳቦ ነው የምበላው። ምድጃ አላውቅም እንዳልባል ብዬ ለሰው አልነገርኩም። የእመቤቴ ድስት ሲመጣ እሺ ይላል ብዬ ነበር። እመቤቴ ፊቷን አዞረችብኝ።»

«እትዬ፣ እሷ የለችበትም። ጥፋቱ የኔ ነው። ብረት ያለው ድስት ብቻ ነው የሚፈልገው።»

«መምህር አይደለህ? ታዲያ ፈልግልኛ! ለመስፍን እንዳትደውል ብቻ።»

ማግኔቷን ይዤ የፎቁን በሮች አንኳኳሁ። አንዲት ቱርካዊት ጎረቤት ሁለት ትልልቅ የኤናሜል ድስት አወጣች፤ ማግኔቷ ጥብቅ አለች። ላይኛው ፎቅ ያሉት ሽማግሌ ከባድ የብረት ድስት ሰጡኝ፣ ግን መጀመሪያ የማግኔቷን ፈተና እኔው ካልሞከርኩ አሉ። ሦስቱም ተጣዱ። ሽንኩርቱ መንጫጫት ሲጀምር ወይዘሮ ጽጌ አማተቡ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» አሉና ከወጥ ቤት አስወጡኝ። እፎይ አልኩ።

10 ሰዓት

ማኅበርተኛው ሞላ። ጸሎት ደረሰ፣ ጠበሉ ተቀመሰ፣ ማዕድ ቀረበ። ጋሽ መስፍን አንድ ጉርሻ ጎረሱ፤ ሌላ ደገሙ።

«ወይዘሮ ጽጌ፣ ማን አገዘዎት?»

«ድስት ተዋስኩ። ወጡን እኔ ሠራሁት።»

ጋሽ መስፍን የተረኞቹን ዝርዝር ከኪሳቸው አውጥተው አጣጥፈው ይዘውታል።

«እኛ እኮ በሕመም ላይ እንዳይደክሙ፣ ትንሽ እንዲያርፉ ብለን...»

ወይዘሮ ጽጌ ጭልፋውን እንደያዙ አጠገባቸው ቆሙ።

«ማረፍ ለሞተ ሰው ነው፣ አቶ መስፍን። ተራዬን ይጻፉና ሳህንዎን ያምጡ።»