ባለ ስምንት ብሎን ሰዓት

ሰዓት ሊገዛ ያሰበ ሰው እኔን ሳይጠይቅ አይገዛም። ሻይ ቤቴ መካነ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ናት። ተሳፋሪው መኪናው እስኪሞላ ድረስ እኔው ጋ ይቀመጣል፤ ሻዩን ጨርሶ ሲሰለቸው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳየኛል። «እስቲ እይልኝ፤ የዚያ የውዱ ሰዓት አምሳያ ነው፤ ፕላስቲክ ነው ግን። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» ይለኛል። እኔን የሚጠይቁኝ «ውዱን ታውቀዋለች» ስለሚባል ነው። አልዋሹም፣ አውቀዋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ስወለውለው ኖሬያለሁ።

አረብ አገር የቤት ሠራተኛ ነበርኩ። የቤቱ ጌታ ያንን ሰዓት የሚያስቀምጠው መኝታ ቤቱ ውስጥ፣ ለብቻው በተሠራለት ትንሽ ትራስ ላይ ነበር። እንዲያውም የሰዓቱ ትራስ ከኔ ትራስ ይለሰልሳል። ፊቱ ስምንት ማዕዘን ነው፤ በየማዕዘኑ አንዳንድ ብሎን አለው። ብሎኖቹ ሥር አቧራ ስለሚገባ በጥርስ ብሩሽ ነበር የማጸዳቸው። ሲያነሱት እጅን ወደ ታች ይጎትታል። አንድ ቀን እንኳ እጄ ላይ አድርጌው አላውቅም፤ ላድርገው ብዬም አላሰብኩ።

አንድ ማለዳ ትራሱ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ማዳም ጠራችኝና ሻንጣዬን ሳሎን መሐል አስመጥታ ልብሴን አንድ በአንድ እያራገፈች መሬት ላይ ጣለችው። ባልየውና ልጆቹ ቆመው ያያሉ። የውስጥ ልብሴ ሳይቀር ተራገፈ። በአረብኛ ሌባ ምን እንደሚባል አስቀድሜ አውቅ ነበር፤ ለኔ ይባላል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ሰዓቱ ከሰውዬው መኪና ውስጥ፣ ከወንበር ሥር ተገኘ። ይቅርታ ያለኝ ሰው የለም። ሌባ ለማለት የፈጠነ አፍ፣ አይደለሽም ለማለት ሲሆን ከበደው። ከዚያ ወዲያ እዚያ ቤት እህል አልወርድልኝ አለ፤ አገሬ ስደዱኝ አልኩ። እነሱ ጋ የተጠራቀመውን ደመወዜን ለትኬት ነው ብለው አስቀሩት፤ በአንድ ሻንጣ መጣሁ።

የአባቴ ቤት ከመካነ ሰላም የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው። አባባ ብቻቸውን ናቸው፤ እናቴ እኔ ከመሄዴ በፊት አርፋለች። ለመንገዴ ብለው የሸጡት የነበረቻቸውን አንዲት ላም ነው። ገና ግቢው ሳልገባ ባዶውን በረት አየሁት። አባባ ምነው መጣሽ አላሉኝም። እኔው «ደከመኝና መጣሁ አባባ» ስላቸው ግንባሬን ሳሙኝና «በሕይወት፣ በእግርሽ መጣሽልኝ፤ ሌላ ምን እፈልጋለሁ» አሉ። እኔ አላመንኳቸውም። ከአረብ አገር ሰው የተመለሰለት ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ይሆናል፣ ቴሌቪዥን ይገባል፣ ጎረቤት ሊያይ ይመጣል። የኛ ቤት የገባነው እኔና ሻንጣዬ ነን። ስለ ሰዓቱና ስለ ሻንጣው አንድም ቃል አልተነፈስኩም።

በሁለተኛው ሳምንት ጨውና ሳሙና ልገዛ ገበያ ወጣሁ። አንድ ጎልማሳ ሸራ አንጥፎ የእጅ ባትሪ፣ መነጽርና ሰዓት ደርድሯል። ከመሐል አንዱ ሰዓት አፈጠጠብኝ። ስምንት ማዕዘን፣ ስምንት ብሎን፣ ወርቃማ።

«ነይ እህቴ፣ ኦርጅናል ነው» አለኝ።

«የምን ኦርጅናል?»

«ወላሂ ኦርጅናል! ውጭ አገር ቢሆን ይሄ ቤት ይገዛል።»

«ታዲያ አንተ ቤት የሚገዛ ይዘህ ሸራ ላይ ምን ትሠራለህ?» አልኩት። ሳቀ፤ የሚያስቅ ነጋዴ ደግሞ ደስ ይለኛል።

አነሳሁት። ከእንቁላል አይከብድም። ብሎኖቹን በጥፍሬ ዳሰስኳቸው፤ ከፕላስቲኩ ጋር አብረው የተቀረጹ ናቸው፣ ላያቸው ላይ ቀለም ተቀብቷል። ፊቱ ላይ የውዱ ስም የለም። የራሱን ማንም የማያውቀውን ስም ነው የጻፈው። እሱን እመስላለሁ እንጂ እሱ ነኝ አላለም፤ ዋሾው ሻጩ ነው እንጂ ሰዓቱ ምን አደረገ?

ይገዛል ወይ ብትሉኝ፣ በሒሳብ አይገዛም። ላብ ሲነካው ቀለሙ ይለቃል፤ ባትሪው ሲያልቅ መካነ ሰላም ውስጥ ከፍቶ የሚቀይርልህ ሰው መገኘቱን እንጃ። በዚያ ዋጋ ሁለት ክረምት የሚያሻግር ጫማ ይገኛል። እኔ ግን ገዛሁት። ለምን? ንዴት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። እዚያው ገበያ መሐል፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ እጄ ላይ አሰርኩት። ማንም አውልቂ አላለኝም። ጨውና ሳሙናውን ረስቼ ቤቴ ገባሁ።

አባባ ጨውስ ከማለታቸው በፊት እጄን አዩ። እሳቸው አንድ ሰዓት ነበራቸው፤ ከቆመ ስንት ዘመኑ፤ ለወግ ያህል ያስሩት ነበር። ዓይናቸው ሲንከራተት ሳይ አንጀቴን በሉኝና ፈትቼ እጃቸው ላይ አሰርኩላቸው። እጃቸውን ዘርግተው አዩት፣ ወደ ጆሮአቸው አስጠግተው ሰሙት።

«ከአረብ አገር ነዋ?» አሉ።

ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔው ግን ወር ሳይሞላው ነቀዘ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባባ ብርድ አይሉ፣ ውርጭ አይሉ፣ የኮታቸውን ግራ እጅጌ እስከ ክርናቸው ሰብስበው ነው የሚወጡት። ሰዓት የጠየቃቸው ሰው ባይኖርም «አራት ሰዓት ሆነ መሰለኝ» ይላሉ። ልቤ ቢሳቀቅም ሳቄን መቆጣጠር ያቅተኝ ነበር። ለሰው ሁሉ ልጄ ከአረብ አገር ያመጣችልኝ ነው ብለዋል። እኔም ባፌ ዋሽቼ አላውቅም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ራስን ለማጽናናት ማን ይሰንፋል?

ከአጥራችን ማዶ ያሉት ጎረቤታችን የአባባ አብሮ አደግ ናቸው። ያን ሰሞን ሹፌር ልጃቸውን ሊድሩ ሽር ጉድ ይላሉ። ሙሽራዋ ከወደ ወረኢሉ ናት፤ እህቶቿ በሙሉ አረብ አገር የሚሠሩ፣ ወርቅ ያልሆነ ነገር የማይነካ ቤተሰብ ናቸው ይባላል። ሹፌሩ የአባባን ሰዓት አይቶ ስልኩ ላይ ሲፈልግ የውዱን ፎቶ አገኘው፤ አንድ የውጭ ኳስ ተጫዋች አስሮታል፣ ዋጋው የጭነት መኪና ዋጋ ነው። አባትየው ይህን ሲሰሙ «ዘጠኝ እጁ ውሸት ነው እንበል፤ አንድ እጁ እውነት ከሆነ ለጥሎሽ የሚሆን ዕቃ ነው» አሉ።

በእኛ አገር ጥሎሽ በጓዳ አይሰጥም። ሚዜው ድንኳን መሐል ቆሞ ከወንዱ ወገን የመጣውን ዕቃ አንድ በአንድ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ምን እንደሆነና ከየት እንደመጣ ጮክ ብሎ ይናገራል። የሴቷ ሽማግሌዎች እየተቀባበሉ ይዳስሱታል። «አይበቃም» ይላሉ፣ ይለመናሉ፣ ወጉ ነው። ውሸት ዕቃ ከተገኘ ግን ወግነቱ ያበቃል። ሙሽራው ለዕድሜ ልኩ መሳቂያ ይሆናል፤ ልጃቸውን አንስተው የሄዱም አሉ።

አንድ ጠዋት በራችን ላይ ኮቴ ሰማሁ። ጎረቤታችን አንዲት ግንባረ ቦቃ ጥቁር ጊደር እየጎተቱ ገቡ። «ያረገዘች ናት» አሉ ለአባባ፤ «ጊደሯን ውሰድና ሰዓቱን ስጠኝ። ለልጄ ጥሎሽ ፈልጌው ነው።» አባባ ተጠጉና ጀርባዋን በመዳፋቸው ዳበሷት። ሆዷን አዩ፣ ጡቷን አዩ፣ እንደገና ጀርባዋን ዳበሱ። ከመጣሁ ጀምሮ እንዲያ ያለ ፊት አላየሁባቸውም።

ከዚያ ቀና አሉና «ሰዓቱ የልጄ ስጦታ ነው፤ እሷ ካለች እሺ» አሉ። ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

ያቺን ላም የበላኋት እኔ ነኝ። እሺ ብል በረቱ ይሞላል፣ አባባ ወተት ይጠጣሉ፣ እኔም ባዶ እጄን መምጣቴ ይረሳል። ቃሉ አፌ ውስጥ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ያ ድንኳን መጣብኝ፤ ሚዜው ሰዓቱን ከፍ ሲያደርግ፣ ሽማግሌዎቹ ሲቀባበሉት፣ አንዱ በጥፍሩ ሲፍቀው። የኔም ሻንጣ የተራገፈው ሰው ቆሞ እያየ ነው። እዚያ ያልወሰድኩት ሰዓት ሌባ አሰኘኝ፤ እዚህ ደግሞ በገዛ ገንዘቤ በገዛሁት ሰዓት ሌባ ልሆን ነው። ፈራሁ። ጊደሯን ማጣትም ፈራሁ፣ የአባባን ፊት ማየትም ፈራሁ።

«ጋሼ፣ ሰዓቱ ፕላስቲክ ነው» አልኩ። «ከመካነ ሰላም ገበያ ነው የገዛሁት።»

ጎረቤታችን ሳቁ። «ልጅት ሰሰተች! አልፈርድብሽም፣ እኔም ብሆን እሰስታለሁ» አሉና ወደ አባባ ዞሩ፤ «እሺ፣ አንድ በግ እጨምራለሁ።»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። እውነት ብናገር ዋጋው ጨመረ። ጓዳ ገባሁና ቢላ ይዤ ወጣሁ። «አባባ፣ እጅዎን ያምጡ» አልኳቸው። ዘረጉልኝ። ሰዓቱን ፈትቼ በራችን ላይ ያለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ አደረግሁትና በቢላው ጫፍ አንዱን ብሎን ፋቅሁት። ወርቃማው ልጣጭ ተነሣ፤ ከሥሩ ነጭ ፕላስቲክ ወጣ። «ብሎን ቢሆን ይዞር ነበር፤ ይኸው አይዞርም» አልኳቸው። ከጀመርኩት አይቀር ሁሉንም እዚያው ቆሜ ተናገርኩ፤ ትራሱን፣ ሻንጣዬን፣ የሰውዬውን መኪና፣ የቀረውን ደመወዜን። አላለቅስም ብዬ ነበር፤ የውስጥ ልብሴ ሲራገፍ ጋ ስደርስ አለቀስኩ።

ጎረቤታችን የተፋቀውን ብሎን በጣታቸው ዳሰሱት። «አጃኢብ ነው» አሉ በመጨረሻ፤ «አብሽሪ ልጄ። የልጄን ሠርግ ነው ያተረፍሽልኝ።» የጊደሯን ገመድ ያዙ። ጊደሯ በራፉ ላይ ስትደርስ አልሄድም ብላ ቆመች። አባባ ከኋላ ሄደው ጎኗን መታ መታ አድርገው ሸኟት። ከዚያ ወደ በረቱ ሄዱና ባዶውን በረት ደገፍ ብለው ቆሙ። እኔን አላዩኝም። አፈሩብኝ ብዬ አሰብኩ። ሰዓቱ ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠ ዋለ፤ እኔም አላነሳሁት፣ እሳቸውም አላነሱት። በማግስቱ ስነሣ ድንጋዩ ላይ የለም፤ ወርውረውት ይሆናል ብዬ አልጠየቅሁም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ቅዳሴው ካበቃ በኋላ ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው ዛፉ ሥር ተቀመጡ፤ እኔ ከሴቶቹ ጋር ጥቂት ራቅ ብዬ ነበርኩ። ወሬው ያልደረሰው አንድ የማዶ ሰው አባባ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ።

«ያ ከአረብ አገር የመጣልህ የተባለው ሰዓት የታለ? እስቲ አሳየኝ» አላቸው።

አንገቴን ደፋሁ። አባባ የኮታቸውን ግራ እጅጌ እንደ ድሮው ቀስ ብለው ሲሰበስቡ በዓይኔ ጠርዝ አየሁ። ሰዓቱ እጃቸው ላይ ነው፤ የተፋቀው ብሎን ከሩቅ ይነጣል።

«ሰዓቱ ከዚሁ ከገበያ ነው፤ ፕላስቲክ ነው» አሉ ለሰውዬው። ከዚያ በእጃቸው ወደኔ አመለከቱ። «ከአረብ አገር የመጣችልኝ ያቻትና፤ ልጄ ናት።»