ዘጠነኛው መስቀያ

አባቴ ባዶ መርከብ ቆጣሪ ነበር። የሥራው ስም ወረቀት ላይ ረጅም ነው፤ የወደብ ሰው ግን «ቆጣሪው» ብሎ ይገላገላል። ሠራተኞቹ ጥለውት የሄዱ ወይም የት እንደገቡ ያልታወቀ መርከብ ባሕር ላይ ሲገኝ፣ ጎታች ጀልባ ወደ ወደቡ ታመጣዋለች። ከዚያ ማንም እጁን ሳያሳርፍበት አባቴ መዝገቡን በብብቱ ይዞ ይገባል፤ ከሞተር ክፍሉ እስከ ወጥ ቤቱ ያለውን ሁሉ እንደተቀመጠ ይጽፋል። በሠላሳ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያሉ አራት መርከቦች ጽፏል። በቀሩት ቀናት ሥራው የሳጥንና የገመድ ቆጠራ ነበር። አራት መርከብ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ከአንዱ በወጣ ቁጥር ለሳምንት ምግብ አልዋጥ እንደሚለው አውቃለሁ።

ሁለት ሕግ ነበረው። አንደኛው «ያየኸውን ጻፍ፣ ያሰብከውን ዋጥ» የሚል ነው። ብርጭቆ ውስጥ ግማሽ ሻይ ካለ «ግማሽ» ይላል እንጂ «ሳይጨርሱት ተነሡ» አይልም። ሁለተኛውን ሕግ ያዘዘው የለም፤ የእያንዳንዱን ክፍል በር አንኳኩቶ «ቤቶች!» ይላል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይገባል። የጎታች ጀልባዋ ሰዎች ይስቁበት ነበር። «ማን እንዲከፍትልህ ነው?» ሲሉት «ቤቱ የሰው ነው» ይላቸዋል። አንድ ጊዜ ድመት መለሰችለት። እሷንም «ድመት፣ አንድ፣ የተራበች» ብሎ መዘገባት። «የተራበች» ማለት ያሰቡትን መጻፍ ነው ብዬ ስሞግተው፣ «ጩኸቷን አልሰማሽማ» አለኝ።

እኔ እዚያው ቢሮ ታይፒስት ነበርኩ። እሱ በእጁ የጻፈውን ካርቦን አድርጌ በሦስት ቅጂ እመታለሁ፤ አለቃችን ዋናውን መዝገብም ቅጂዎቹንም ማኅተም ያሳርፍባቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ አንዲት ነጥብ አትነካም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? የእኛ ቢሮ ሁለቱም ነበሩት።

አራተኛው መርከብ የአባቴ ታናሽ ወንድም በሞተረኛነት የሚሠራበት ነበር። ዘጠኝ ሰው ይዞ ወጣ፤ ከአሥራ ሰባት ቀን በኋላ ባዶውን ጸጥ ብሎ ሲንሳፈፍ ተገኘ። ቀዳዳ የለው፣ ቃጠሎ የለው፣ የደም ጠብታ የለበት። የነፍስ አድን ጀልባው ብቻ ከቦታው የለም።

አለቃችን «ይኼን ሌላ ሰው ይጻፈው» አለ። አባቴ እምቢ አለ። «የወንድሜን አልጋ ባዕድ አይቆጥርም» ብሎ ብቻውን ገባ። ጠዋት ገብቶ ከሰዓት በኋላ ወጣ። መዝገቡን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ወጥቶ ሄደ። እኔም እያለቀስኩ መታሁት። ሰባተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «የወጥ ቤቱ መግቢያ። የልብስ መስቀያ፣ ዘጠኝ። ካፖርት፣ ስምንት። ዘጠነኛው መስቀያ፣ ባዶ።»

ስንት ጉድ ያመጣው ይኼ የመጨረሻው መስመር ነው። ከመስቀያዎቹ በላይ የየባለቤቱ ስም ተጽፎ ስለነበር ባዶው የአጎቴ መሆኑ ወዲያው ታወቀ። መርማሪዎቹ «ስምንቱ በዚያ ብርድ በሸሚዝ ሲወጡ፣ ይኼ ካፖርቱን የደረበው ምን ቢያውቅ ነው?» አሉ። ወሬው ከወደቡ ገበያ፣ ከገበያ ጋዜጣ ገባ። ጓደኞቹን አስምጦ በጀልባዋ ኮበለለ ያለ አለ። ከኮንትሮባንድ ነጋዴዎች ጋር ቀድሞ ተነጋግሮ ነበር ያለም አለ። በባዶ መርከብ ታሪክ ልባቸው የተነደፈ ሰዎች ከሩቅ አገር ሳይቀር ስለ ዘጠነኛው መስቀያ በደብዳቤ ይጠይቁን ነበር። አባቴ ደብዳቤዎቹን አንብቦ «የምናውቀው የለም ብለሽ ምቺ» ይለኛል።

የአጎቴ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። ያንን ካፖርት ቆርጣ የሰፋችው፣ በአሮጌ ብርድ ልብስ የገበረችው እሷው ነበረች። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ባሏን ነፍሰ ገዳይ ያለ ሰው ላንቀው ስነሣ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተዪው ልጄ፣ ይስደበው» አለችኝ። «የሚሰደብ ሰው በሕይወት አለ ማለት ነው። ካፖርቱን ለብሶ የወጣ ሰው፣ ለመኖር ብሎ ነው የወጣው።»

ስምንቱ ሚስቶች ጥቁር ለብሰው፣ አልቅሰው፣ ሁለቱ ደግሞ ሌላ ባል አግብተው፣ እሷ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በር በሩን አየች። አባቴ እሷ ባለችበት ቀና ብሎ አያይም። እኔ ሐዘን መስሎኝ ነበር።

አባቴ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት ሻንጣ አንጠልጥላ ቢሮ መጣች። ፊቷ በርቷል።

«ጋሼ፣ ልሰናበትህ መጣሁ። ተገኘ እኮ!»

«ማን?»

«ማን ይሆናል? አንድ መርከበኛ ባሕር ማዶ፣ ወደብ ላይ ገመድ ሲጠቀልል አየሁት አለኝ። ግራጫ ካፖርት፣ ኮሌታው ሰፊ። በስሙ ቢጠራው ዞር አላለም አለኝ። እንዴት ብሎ ይዞራል፣ ስሙን እንዲያ አጥፍተውት!»

«እህቴ፣ ግራጫ ካፖርት እኮ አገር ምድሩን የሞላ ነው።»

«የእኔ ስፌት ያለበት አንድ ነው። የስፌት መኪናዬን ሸጬ ቲኬት ቆርጫለሁ። መርከቡ ነገ ይነሣል።»

ደነገጥኩ። ያቺ መኪና የዕለት ጉርሷ ነበረች።

«ብትሄጂና ባታገኚውስ?» አላት አባቴ።

«ሌላ ወደብ እሄዳለኋ። እዚያም ባጣው ሌላ።»

አባቴ ተነሣ። የብረት ቁም ሳጥኑን በሦስተኛው ሙከራ ከፈተው። ከታችኛው መደርደሪያ፣ ከአሮጌ መዝገቦች ኋላ፣ በሲባጎ የታሰረ ጥቅል ጎትቶ አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ ፈታው። ኮሌታው ሰፊ የሆነ ግራጫ ካፖርት ነው።

«ያወረድኩት እኔ ነኝ» አላት። «ዘጠነኛው መስቀያ ላይ ነበር። ስፌትሽን አየሁት። ሳቅፈው ወንድሜን ወንድሜን ሸተተኝ። መጋዘን ገብቶ አይጥ ከሚበላው ላንቺ ላድርስልሽ ብዬ፣ ገና ሳልጽፍ አወረድኩት። ከዚያ መስቀያውን ሳየው ባዶ ነው። ያየሁትን ጻፍኩ።»

«ታዲያ ለምን አላመጣህልኝም?»

«በማግሥቱ ይዤው በርሽ ድረስ መጥቼ ነበር። ዝርዝሩን ሰምተሽ ኖሮ፣ ውስጥ ሆነሽ ‹ለብሶታል! ካፖርቱን ለብሶታል!› እያልሽ ለጎረቤት ስትነግሪ ሰማሁሽ። በእጄ ልገድልብሽ አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ ዛሬ ነገ ስል፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ።»

ተናደድኩበት። ዛሬም ሳስበው እናደዳለሁ። እዚያ ሁሉ ደብዳቤ ላይ ውሸት ያስመታኝ፣ ወንድሙን የአገር መተረቻ ያደረገ፣ ያየውን ግማሽ ሻይ እንኳ አስተካክሎ የሚጽፈው አባቴ! ዘጠኙ ሰዎች ያንን ጤነኛ መርከብ ጥለው በዚያ ብርድ ለምን እንደወጡ ዛሬም የሚያውቅ የለም፤ የዘጠነኛው መስቀያ ምሥጢር ግን የባሕሩ ሳይሆን የእኛ ቢሮ ሥራ ነበር።

የአጎቴ ሚስት አልጮኸችም። ካፖርቱን ገለበጠችው፣ የገበሩን ስፌት በአውራ ጣቷ እስከ ታች ተከተለችው። ከዚያ ጠየቀችው።

«የሌሎቹ ካፖርት ሁሉም ነበር?»

«ስምንቱም።»

«እንግዲያው አብሯቸው ነው የወጣው። እንደነሱው በሸሚዙ።»

«እንደነሱው።»

«አልከዳቸውም።»

«አልከዳቸውም እህቴ።»

«እሱን ጻፈው» አለች።

አባቴ ማኅተም ያረፈበት መዝገብ አይነካም ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። መዝገቡን አወጣ፤ ሰባተኛው ገጽ ላይ «ባዶ» የሚለውን ሰረዘና «ካፖርት፣ አንድ። የወንድሜ ነው፤ የወሰድኩት እኔ ነኝ» ብሎ ጽፎ ፈረመበት። በዚህ ሰበብ ከሥራ የወጣው ከጡረታው ሁለት ወር ቀድሞ፣ ያለ ምስጋና ወረቀት ነው። ያን ሰዓት ግን ስለ አለቃ ማንም አላሰበም።

እሷ የጻፈውን ቆማ አነበበችው። ቲኬቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ተወችው፣ ካፖርቱን አጥፋ ክንዷ ላይ አደረገች፣ በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች።

«ነገ ለቅሶ እቀመጣለሁ። አንተም ትመጣለህ።»

«በምን ዓይኔ አይሻለሁ?»

«ወንድምህ አይደለም እንዴ? አንተም እኮ እስከ ዛሬ አላለቀስክለትም» አለችው።

አባቴ እዚያው በቆመበት፣ የወንድሙን ስም እየጠራ አለቀሰ።