ከርከሮውን ለአውጫጭኝ ያቀረቡት ጋሽ ደምሰው

ጋሽ ደምሰው ባለፈው ሳምንት አረፉ። ወሬው የደረሰኝ ቀየት ገበያ ላይ ገብስ እየሰፈርኩ ሳለ ነው፤ ቁናውን አስቀምጬ እዚያው እህሉ አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በቀብራቸው ዕለት ለቀስተኛው ሁሉ ስለ ጦራቸውና ስለ ውሾቻቸው ሲያወራ ዋለ። እውነት ነው፤ ከርከሮ በማደን የሚተካከላቸው ሰው አገራችን አላየም። እኔ የማልረሳው ግን ለአባቴ ያደረጉትን ነው።

ጋሽ ደምሰው የመርሐቤቴ ሰው ነበሩ። ራቤል አጠገብ ወዳለው መንደራችን የመጡት ሚስታቸውን ተከትለው ነው። ቆላ ላይ ከርከሮ ሲያድኑ ያደጉ ቢሆንም፣ ደጋ ከወጡ በኋላ ጦራቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ዛገ። «ደምሰው፣ እዚህ እንግዲህ ውርጩን ውጋው!» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ጎረቤታችን የእትዬ የሺ የድንች ማሳ ተገለባብጦ አደረ። የዓመት ቀለባቸው ነበር። የቆላው ጥሻ እየታረሰ ሲሄድ አውሬው ሸለቆ ለሸለቆ ወደ እኛ መውጣቱን ማን ያውቃል? «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል፤ የእኛ ሰው ግን ጠርጥሮም ተሳሳተ። አባቴ ክፍሌ ከእትዬ የሺ ጋር በወሰን ተጣልተው ስለነበር፣ ጣት ሁሉ ወደ እሳቸው ተቀሰረ።

አውጫጭኝ ተጠራ። የአገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ አጥፊው እስኪታወቅ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። አባቴ ማሉ፤ ያመናቸው አልነበረም። በዚያው ዕለት የእጮኛዬ ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው «ነገሩ እስኪጠራ ሠርጉ ይቆይ» አሉን። እንዲህ ያለው መቆየት መቅረት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እናቴ ለድግስ ያዘጋጀችውን ጌሾ መልሳ ጎተራ ውስጥ ከተተችው።

ያኔ ጋሽ ደምሰው ተነሡ። «ማሳውን አይቼዋለሁ። ይኼ የአፍንጫ ሥራ ነው እንጂ የእጅ አይደለም። ከርከሮ ነው» አሉ።

ሜዳው በሳቅ አውካካ። አንድ ሽማግሌ «በዚህ ብርድ? ጋቢ ለብሶ ነው የሚመጣው?» ብለው ጠየቋቸው።

ጋሽ ደምሰው አልተቆጡም። «እስከ ነገ ማታ ስጡኝ። ካላመጣሁ ከክፍሌ ጋር እኔንም ሌባ በሉኝ» አሉ። ከአባቴ ጋር ዝምድናም ሆነ ጋብቻ አልነበራቸውም።

በማግስቱ ጦራቸውን ስለው ውሾቻቸውን አስከትለው ሸለቆ ወረዱ። ከቀትር በኋላ ውሾቹ ሲጮኹ ሰማን፤ ከዚያ ጸጥ አለ። የገደሉትን ለማምጣት ወደ አፋፉ ብቅ ብለው አህያ ቢለምኑ የሚያውስ ጠፋ። እሪያ የጫነ አህያ ደግሞ እህል ሊጫንበት ነው? ስለዚህ ራሳቸው ተሸከሙት፤ ሲደክማቸው በመጫኛ ይጎትቱታል።

ሜዳው መካከል ጥለው ሆዱን ቀደዱት። ድንቹ ከነልጣጩ ተዘረገፈ። እትዬ የሺ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው «ወይኔ ክፍሌ፣ በደልኩህ!» ብለው ጮኹ። የጋሽ ደምሰው ትከሻ በአውሬው ደም ተጨማልቆ ስለነበር ሕዝቡ ወደኋላ ሸሸ። አባቴ ብቻ ወደፊት ሄዱ፤ ነጩን ኩታቸውን እንደለበሱ በዚያ ደም ላይ ተጠመጠሙባቸው። ሁለቱም አለቀሱ።

ሠርጌ በቀኑ ሆነ። ነገሩ ጋሽ ደምሰውን ግን ዋጋ አስከፍሏቸዋል። ቄሱ ጠበል ቢረጯቸውም፣ በማኅበር ላይ ከእሳቸው ቀጥሎ ጽዋውን መቅመስ የሚቀፈው ብዙ ነበር። ከእሳቸው ቀጥለው የሚጠጡት ሁልጊዜ አባቴ ነበሩ።

በኋላ ከርከሮው ጊሼን አልፎ እስከ መንዝ ሲዛመት፣ የተጠየፏቸው ሁሉ «ድረሱልን» እያሉ መጡ። ወንዶቹ በጦር አፋፉን ይይዛሉ፤ እኛ ሴቶች ጣሳ እየደበደብን አውሬውን ከጥሻው እናስወጣለን፤ ጋሽ ደምሰው መውጫው ላይ ይቆማሉ። የጠራቸውን አንድም ሰው አሳፍረው አያውቁም። «እንዴት ቂም አይዙም?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። «አንቺ ልጅ፣ የሰው ማሳ እየተገለበጠ ቂም ይቆጠራል እንዴ?» አሉኝ።

ጋሽ ደምሰው፣ አፈሩ ይቅለልዎት። አገራችን ሰው ሲተዋወቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነሽ?» ተብሎ ነው። እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ ይህን ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ ስሸሸው እኖር ነበር። ዛሬ የትም ቦታ፣ ማንም ቢጠይቀኝ፣ የአባቴን ስም ጮክ ብዬ እናገራለሁ። በሰላም ይረፉ፣ ጋሼ።